ከርቢ ከብት እስከ ስልክ አክሲዮን፦ አነስተኛው ባለድርሻ በሐይቅና በአምባሰል

በሐይቅና በአምባሰል ንብረትን በድርሻ መያዝ አክሲዮን ከመታወቁ እጅግ ቀደም ብሎ የኖረ ልማድ ነው። ላም ወይም በግ ያለው ሰው ግጦሽ ሲያጥረው ወይም እረኛ ሲያጣ ለሌላው በርቢ ይሰጣል፤ ተቀባዩ እየጠበቀ በወተቱ ይጠቀማል፤ የሚወለደውን እንደ ውላቸው ይካፈላሉ። መሬት ኖሮት በሬ ያጣ ደግሞ በሬ ላለው በእኩል ወይም በሲሶ ያሳርሳል። የከተማው ነጋዴ ዕቁብ ይጥላል። ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ወሎ ላይ ቅሬ የሚባለው ማኅበርም አለ፤ እሱ ግን ለሐዘንና ለችግር እንጂ ለትርፍ የቆመ አይደለም። በእነዚህ ሁሉ ባለድርሻው ንብረቱን በዓይኑ ያየዋል፤ ተካፋዩን በስም በአባት ስም ያውቀዋል፤ ቢጣሉ ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል። ድርሻዬን ልውሰድ ያለ እንደሆነም ላሟ ተገምታ ወይም ተሸጣ ይለያያሉ። አክሲዮን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ የገዛውን አያየውም፤ አብረውት የገዙትንም አያውቃቸውም። ባለቤትነቱን የሚያስረዳለት ሩቅ ቦታ የተቀመጠ መዝገብ ነው፤ ድርሻው ወደ ገንዘብ የሚመለስለትም ሌላ ገዢ ሲገኝ ብቻ ነው። ጥቂት ገንዘብ ይዞ ለሚነሣ ሰው የአክሲዮን ታሪክ በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ፣ የመዝገቡና የገዢው ርቀት ታሪክ ነው።

መዝገብ ራሱ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ባስፋፉትና ባስከበሩት ገዳም፣ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ አራት ወንጌል አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። የርስትና የጉልት ስጦታን በወንጌል ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ማስፈር በአገሪቱ ታላላቅ ገዳማትና አድባራት ለዘመናት የተሠራበት ነው፤ እዚያ የሰፈረውን የሚፍቅ ይወገዛል። የባለቤትነት ማስረጃ የሚጸናው መዝገቡን የያዘው ተቋም ሲታመን መሆኑን የሐይቅ ሰው ከባንክ ዘመን በፊት ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የገዳሙ መዝገብ ርስትን ለማጽናት እንጂ ከእጅ ወደ እጅ ለማዘዋወር የተሠራ አለመሆኑ ነው።

አምባሰል ከዘመናዊ ገንዘብ ጋር ስሟ የተነሣው በውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በዚያ የተፈረመው ውል ሁልጊዜ የሚታወሰው በ17ኛው አንቀጽ ጠብ ነው። ራስ መኮንን ኢጣልያ ድረስ ሄደው በ1882 መጀመሪያ የፈረሙት ተጨማሪ ውል ግን የብድር ውል ጭምር ነበር፦ 4 ሚሊዮን ሊሬ ከኢጣልያ ባንክ፣ የሐረር ጉምሩክ ገቢ ዋስ ሆኖ። አገሪቱ በራሷ ገቢ ዋስትና ከአውሮፓ ባንክ ስትበደር ባንክ የሚባል ተቋም በምድሯ ላይ ገና አልነበረም።

ያ ተቋም የመጣው ከ16 ዓመት በኋላ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ የካቲት 9 ቀን 1898 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ፊት ሲመረቅ ካፒታሉ 500 ሺህ የእንግሊዝ ፓውንድ ነበር፤ የመሠረተውና የሚያስተዳድረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነው። አክሲዮኑ ካይሮን፣ ለንደንንና ፓሪስን በመሳሰሉ ከተሞች ለሽያጭ ቀረበ። በአገር ውስጥ የገዙት ከቤተ መንግሥቱና ከመኳንንቱ ወገን የሆኑ ጥቂቶች ናቸው። ባንኩ በኋላ ደሴ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የወሎ ነጋዴ እዚያ ማርትሬዛውን ሊያስቀምጥ ይችል ነበር፤ የባንኩ ባለድርሻ የሚሆንበት መስኮት ግን ደሴ አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ባንኩን ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሲያቆምም አክሲዮን የላይኛው ክፍል ጉዳይ እንደሆነ ቀረ። የአምባሰሉ ገዢ የጃንጥራር ቤት እንኳ፣ እቴጌ መነን የተወለዱበት ቤት፣ ሀብቱ ርስትና ጉልት ነበር።

አክሲዮን ለተራው ዜጋ በሕግ የተከፈተው በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነው። ሕጉ አምስት ሰዎች 50 ሺህ ብር ካፒታል ይዘው የአክሲዮን ማኅበር እንዲያቆሙ ፈቀደ፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ከ10 ብር እንዳያንስም ወሰነ። ገዢው ሲፈርም ቢያንስ ሩቡን ከፍሎ ቀሪውን በኋላ መክፈል ይችላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ለአነስተኛ ቆጣቢ የተመቸ ሕግ ነው፤ ዛሬ ካለው ዝቅተኛ የግዢ መጠን ጋር ሲወዳደር እንዲያውም ለጋስ ነው። ችግሩ ሕጉ ላይ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ላይ ነበር። የወንጂን ስኳር ያመርት የነበረው የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ.፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያውያን አነሣሽነት ከለንደኑ ናሽናል ኤንድ ግሪንድሌይስ ባንክ ጋር የተመሠረተው አዲስ አበባ ባንክና መሰሎቻቸው አክሲዮን ሲያወጡ፣ የሚሸጡትም የሚገዙትም በዋና ከተማው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር የአዲስ አበባ የአክሲዮን አሻሻጭ ቡድን ሲቋቋም አገሪቱ የመጀመሪያውን የተደራጀ የአክሲዮን ገበያ አገኘች። ቡድኑ ትንሽ ነበር፤ ዋጋ የሚወጣላቸው ኩባንያዎችም ጥቂት። ያም ሆኖ መሸጥ የፈለገ ባለአክሲዮን ገዢ የሚፈልግለት አካል ነበረው፤ ይህ ነገር ከጠፋ በኋላ እስኪመለስ ግማሽ መቶ ዓመት ፈጅቷል።

ለወሎ ሰው በዚያ ዘመን ቅርብ የሆነው የአክሲዮን ማኅበር የተንዳሆ እርሻ ነው። አውሳ ያኔ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር፤ አብዛኛው ድርሻ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ የሆነው ይህ ማኅበር በታችኛው አዋሽ ጥጥ ያለማ ነበር። ከደጋውና ከወይናደጋው ወሎ ብዙ ሰው ለጥጥ ለቀማ ወደዚያ ይወርድ ነበር። በሌላ አነጋገር የወሎ ገበሬ የአክሲዮን ማኅበርን መጀመሪያ ያወቀው በለቃሚነት እንጂ በባለድርሻነት አይደለም።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ወሎን የፈጀው ረኃብና የተከተለው አብዮት ሁሉንም ለወጠ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችና የመድን ድርጅቶች፣ ጥር 26 ቀን ደግሞ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ወደ መንግሥት ተዛወሩ፤ የአክሲዮን ገበያው የሚያሻሽጠው ነገር አጥቶ ቆመ። የካቲት 25 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለሐይቅና ለአምባሰል ከዚያ ሁሉ የበለጠ ነበር፤ የእኩልና የሲሶ እርሻን ከነባለመሬቱ በሕግ አስቀረ። የታሪክ ግጥምጥሞሽ ሆኖ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 23፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1975፣ ኒው ዮርክ ላይ ደላሎች በጋራ ተስማምተው የሚያስከፍሉት ቋሚ ኮሚሽን በሕግ ተሻረ። ዛሬ በዓለም ላይ በርካሽ ክፍያ አክሲዮን የሚገዛበት አሠራር መነሻው ይህ ውሳኔ ነው። በደላሎች መካከል የዋጋ ፉክክር ተጀመረ፤ ለንደን በ1986 እ.ኤ.አ. ተከተለች፤ ኢንተርኔት ሲመጣ ክፍያው ይበልጥ ወረደ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ትላልቆቹ የአሜሪካ ደላሎች በአገራቸው አክሲዮን ላይ ኮሚሽኑን ዜሮ አደረጉት። ሌላው ዓለም የመግዣውን ወጪ ሲያረክስ ኢትዮጵያ የሚገዛ ነገር አልነበራትም።

በነዚያ ዓመታት «ድርሻ» በሐይቅና በአምባሰል የቀጠለው በኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በደርግ ዘመን የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነት ከፈቃድ ይልቅ ወደ ግዴታ ያደላ ስለነበር ሥርዓቱ ሲወድቅ ብዙው ማኅበር አብሮ ተዘረፈ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ነገሩን በሌላ መሠረት መለሰው፦ አባሉ በፈቃዱ ዕጣ ይገዛል፤ ማንም ከጠቅላላው የተከፈለ ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ አይዝም፤ ድምፅ በሰው እንጂ በገንዘብ አይቆጠርም። ማዳበሪያና ዘር የሚወስድበት የቀበሌው ማኅበር ዕጣ ለብዙ ገበሬ እስካሁንም ብቸኛው በጽሑፍ የተረጋገጠ ድርሻ ነው። ዕጣው ዋጋው አይወጣም፣ አይወርድም። መዝገቡ ቅርብ ነው፤ ትርፉ ትንሽ ነው። አነስተኛ ቆጣቢ አክሲዮንን ሲመዝን ልቡ የሚመለስበት መለኪያ ይኸው ነው።

የግል ባንክ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 84 ሲፈቀድ አክሲዮን ተመለሰ። አዋሽ ባንክ በ1987 በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ተቋቋመ፤ ዳሸን ተከተለ፤ የምኒልክን ባንክ ስም የወሰደው አቢሲኒያ ባንክ በ1988 ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ለሩብ መቶ ዓመት ያህል አክሲዮን በኢትዮጵያ ማለት ከሞላ ጎደል የባንክና የመድን አክሲዮን ማለት ነበር። የውጭ ባንክ አይገባም ነበር፤ ባንኮቹ በየዓመቱ ያተርፉ ነበር፤ የትርፍ ድርሻውም ከቁጠባ ወለድ ይበልጥ ነበር። ገንዘብ ያለው ሁሉ ቢፈልገው አይገርምም።

ከሐይቅ ለሚገዛ ሰው አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። ባንኩ አዲስ አክሲዮን ሲያወጣ ደሴ ወይም ሐይቅ ባለው ቅርንጫፍ ቅጽ ይሞላል፤ ገንዘቡን ያስገባል፤ ባንኩ በምሥረታ ላይ ከሆነ ገንዘቡ በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል። ከአክሲዮኑ ዋጋ ላይ በመቶኛ የሚሰላ የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ይከፈላል፤ ይህ ምሥረታው ቢሰናከል እንኳ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። ወራት ቆይቶ የአክሲዮን የምስክር ወረቀት ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ መግቢያው አይከብድም። መውጫው ሌላ ነው። መሸጥ የፈለገ ባለአክሲዮን ገዢውን በራሱ ይፈልጋል፣ በዘመድ፣ በወሬ ወይም በደላላ። የባንኩ መተዳደሪያ ደንብ ለነባር ባለአክሲዮኖች ቅድሚያ ሰጥቶ ከሆነ እነሱ ይጠየቃሉ። ውሉ ተጽፎ ዋናው መሥሪያ ቤት ባለው የአክሲዮን ክፍል መዝገብ ላይ ካልተዛወረ ሽያጩ ሽያጭ አይደለም፤ መዝገቡ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ከሐይቅ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ። ራሱ ይሄዳል፣ ወይም ውክልና ይሰጣል። የአሥር ሺህ ብር አክሲዮን ለመሸጥ የመንገዱ፣ የማደሪያው፣ የውክልናውና የደላላው ወጪ ሲደመር ከአንድ ዓመት የትርፍ ድርሻ ሊበልጥ ይችላል። የመቶ ሺህ ብር አክሲዮን ላለው ያው ወጪ ኢምንት ነው። በኢትዮጵያ አክሲዮን ውድ የነበረው ኮሚሽን ስለበዛበት ሳይሆን ወጪው ለትንሹም ለትልቁም እኩል ስለነበረ ነው።

ዋጋውስ? የሚታወጅ ዋጋ አልነበረም። ሻጩ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያውቃል፤ ገዢው ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በስንት እንደሚሸጥ ያውቃል። በዚህ መካከል ማን እንደሚጠቀም ግልጽ ነው። የገበያው ዋጋ በአደባባይ የታየው በአንድ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 የውጭ ዜጋ በባንክ ድርሻ እንዳይኖረው ከልክሏል፤ በ2009 ዓ.ም. ገደማ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት የወሰዱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን አክሲዮናቸውን እንዲያስረክቡ አዘዘ። አክሲዮኖቹ በጨረታ ሲሸጡ ከተጻፈባቸው ዋጋ በብዙ በለጡ፤ ብልጫው ግን ለባለቤቶቹ ሳይሆን ለመንግሥት ገቢ ሆነ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1159 ትውልደ ኢትዮጵያውያኑን መልሶ ፈቀደ። ከሐይቅ፣ ከአምባሰል፣ ከወረባቦ ተነሥቶ ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የሄደውን ብዙ ወጣት ይህ እገዳ አልነካውም፤ እነዚያ አገሮች ዜግነት እምብዛም ስለማይሰጡ ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ይቆያል። በአሜሪካ ያለው ሐኪም ተከልክሎ በጅዳ ያለች የቤት ሠራተኛ የምትፈቀድበት ዘመን ነበር። እሷ ግን ብዙ ጊዜ የምትልከው ለቤት መሥሪያ እንጂ ለአክሲዮን አልነበረም፤ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በወራት ውስጥ ከሳዑዲ የተመለሱበትን 2006 ዓ.ም. ያየ ቤተሰብ፣ በአንድ ቀን ወደ ገንዘብ የማይለወጥ ንብረትን ቢፈራ ምክንያት አለው።

ሌላው የአካባቢው ጥያቄ የወለድ ነው። ሙስሊሙ በሚበዛበት ደቡብ ወሎ የመደበኛ ባንክ አክሲዮን ትርፉ ከወለድ የሚመጣ በመሆኑ ብዙ ቆጣቢ ዋጋውን ሳይጠይቅ ይተወዋል። ብሔራዊ ባንክ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ ሲፈቅድ ይህ የአስቀማጩን እንጂ የባለአክሲዮኑን ጥያቄ አልመለሰም፤ መስኮቱ ያለበት ባንክ ትርፍ ያው የተደባለቀ ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በ2011 ተፈቅዶ ዘምዘምና ሂጅራ በ2013 ሥራ ሲጀምሩ ነው ለዚህ ወገን አክሲዮን የሚባለው ነገር ትርጉም ያገኘው። ስለዚህ በሐይቅ ከተማ የትኛው አክሲዮን ርካሽ ነው ከሚለው በፊት የትኛው ሐላል ነው የሚለው ይቀድማል፤ ስለ ክፍያ ብቻ የሚያወሩ የአክሲዮን መመሪያዎች ይህን ቢዘሉት አንባቢውን አያውቁትም።

በዚያው ዘመን በክልሉ ስም የተነሣው አማራ ባንክ ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖችን ሰብስቦ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ለገበሬው አነስተኛ ብድር ለመስጠት የተቋቋመው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ወደ ባንክ አድጎ ጸደይ ተባለ። የመሥራቾቹ ቁጥር ከአዋሽ 486 ተነሥቶ ከመቶ ሺህ በላይ መድረሱ አክሲዮን ምን ያህል ወደ ታች እንደወረደ ያሳያል። የአክሲዮኑ ስፋት ግን ከመሸጫው ስፋት ጋር አልሄደም። ባንኮች ዝቅተኛ ካፒታላቸውን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያሳድጉ ሲታዘዙም ትንሹ ባለአክሲዮን ተቸገረ፦ አዲሱን አክሲዮን ካልገዛ ድርሻው ይሳሳል፤ ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ የለውም።

ስልክ የገባው እዚህ ላይ ነው። የስልክ ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ገንዘብን ወደ ቀበሌ ካደረሰ በኋላ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ጀምሮ በዚያው መተግበሪያ ለሽያጭ አቀረበ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር፣ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን ነበር፤ የሚፈቀደውም ለኢትዮጵያ ዜጋ ብቻ ነበር። ከውጫሌ የሚገዛና ከቦሌ የሚገዛ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል መንገድ ሄዱ፤ የአዲስ አበባ ጉዞ ቀረ። የተራዘመው ሽያጭ የካቲት 7 ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገዝተው ነበር፤ ከቀረበው አንድ አሥረኛው መሆኑ ነው። ቁጥሩን ማካፈል አንድ ነገር ይነግራል፤ አንዱ ገዢ በአማካይ 226 ያህል አክሲዮን፣ 68 ሺህ ብር ገደማ አውጥቷል። አማካዩን ትልልቆቹ ገዢዎች ወደ ላይ እንደሚስቡት ቢታወቅም ከዝቅተኛው መጠን ሰባት እጥፍ ያህል ነው። በአንጻሩ ኬንያ በ2008 እ.ኤ.አ. የሳፋሪኮምን አክሲዮን በ5 ሽልንግ ስትሸጥ የአመልካቹ ቁጥር ከስምንት መቶ ሺህ አልፎ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤም አኪባ የተባለውን የመንግሥት ቦንድ ከ3,000 ሽልንግ ጀምሮ በስልክ ሸጣለች። ኬንያ ግን ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአክሲዮን ገበያ የነበራት አገር ናት፤ ገዢው ነገ መሸጥ እንደሚችል ያውቅ ነበር። የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ሲጀመር መልሶ የሚሸጥበት ገበያ በኢትዮጵያ ገና አልተከፈተም ነበር።

በሐይቅና በአምባሰል ደግሞ ስልኩ ራሱ የሚያስተማምን አልነበረም። በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት በውጫሌና በሐይቅ አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ባንኮች ተዘጉ፤ መገናኛው ጠፋ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። በመተግበሪያ ብቻ የሚሠራ የአክሲዮን ሒሳብ ርካሽነቱ መስመሩ እስካለ ድረስ ነው።

ገበያው የመጣው በሕግ ተቀድሞ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቋመ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ 625 ሚሊዮን ብር ለመሰብሰብ አስቦ 1.51 ቢሊዮን ብር ከባንኮች፣ ከመድን ድርጅቶችና ከውጭ ባለሀብቶች አገኘ፤ መንግሥት በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በኩል ሩቡን ያዘ። ጥር 2 ቀን 2017 ሲመረቅ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው የተመዘገበ ኩባንያ ሆነ፤ ገዳ ባንክ ተከተለ። ከዚህ በፊት በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የምርት ገበያ ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይምታታል፤ ያ ቡናና ሰሊጥ የሚገበያይበት እንጂ አክሲዮን የሚሸጥበት አይደለም። በአዲሱ ሥርዓት የወረቀቱ ምስክርነት በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይተካል፤ መዝገቡም በማዕከላዊ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ግምጃ ቤት ይቀመጣል። ገዢው በቀጥታ ወደ ገበያው አይገባም፤ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ባገኘ ደላላ ወይም የኢንቨስትመንት ባንክ ዘንድ ሒሳብ ይከፍትና ትእዛዙን በእሱ በኩል ይሰጣል። ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል ከመጀመሪያዎቹ ባለፈቃዶች መካከል ናቸው።

ስለዚህ ለአነስተኛ ገዢ ርካሹን ሒሳብ መምረጥ የሚባለው ጉዳይ በኢትዮጵያ እውነተኛ ጥያቄ የሆነው ከ2017 ወዲህ ነው። ከሁሉ በፊት የሚታየው ፈቃዱ ነው፤ ባለሥልጣኑ የፈቀደላቸውን ዝርዝር ያወጣል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሰው ክፍያው ባዶ ቢሆንም አይሆንም። ክፍያው ራሱ አንድ ብቻ አይደለም። የደላላው ኮሚሽን አለ፤ የገበያው፣ የግምጃ ቤቱና የተቆጣጣሪው ድርሻ ይጨመርበታል፤ ሒሳቡ ሳይንቀሳቀስ ቢቀመጥ የሚቆረጥ የጥበቃ ክፍያም ሊኖር ይችላል። አነስተኛ ገዢን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በመቶኛ የሚሰላው ሳይሆን «ቢያንስ ይህን ያህል» የሚለው ነው። ለምሳሌ ዝቅተኛው ክፍያ 200 ብር ቢሆን በ9,900 ብር ግዢ ላይ 2 በመቶ ይሆናል፤ በ100 ሺህ ብር ላይ ግን 0.2 በመቶ ብቻ ነው። በየወሩ ጥቂት በጥቂት የሚገዛ ሰው ይህን ዝቅተኛ ክፍያ አሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ በዓመት ሁለቴ ጠርቀም አድርጎ የሚገዛ ሁለት ጊዜ። አንድ ጊዜ ገዝቶ ለልጆቹ የሚያስቀምጥ ደግሞ ከኮሚሽኑ ይልቅ የዓመቱን የጥበቃ ክፍያ ይመልከት።

የራስ ባንክ እህት ኩባንያ በሆነ ደላላ ዘንድ ሒሳብ መክፈት ቀላል ነው፤ ገንዘቡ እዚያው አለ፣ መታወቂያውም ተመዝግቧል። ቀላልነቱ ግን ዋጋ አለው፤ ደላላው የሚመክረው የእናት ባንኩን አክሲዮን ሊሆን ይችላል። ሒሳብን ከአንዱ ደላላ ወደ ሌላው ማዛወር ስንት እንደሚያስከፍል ቀድሞ መጠየቅ አይከፋም፤ መዝገቡ በግምጃ ቤቱ በባለቤቱ ስም እስካለ ድረስ ደላላው ቢዘጋ አክሲዮኑ አብሮት አይጠፋም። የሐይቅ ሰው በተለይ የሚጠይቀው ኔትወርክ ሲጠፋ በስልክ ጥሪ ወይም በቅርንጫፍ ትእዛዝ መስጠት ይቻል እንደሆነ ነው።

ግብሩም የሒሳቡ አካል ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በትርፍ ድርሻ ላይ 10 በመቶ፣ አክሲዮን በመሸጥ በተገኘ ጥቅም ላይ 30 በመቶ አስቀምጦ ነበር። ሁለተኛው ቤት ሸጦ ከሚከፈለው 15 በመቶ እጥፍ ነበር፤ በወሎ ከተሞች ገንዘብ ያገኘ ሰው ቤት መሥራትን ከአክሲዮን ለምን ያስቀድም እንደነበር ለሚጠይቅ ከመልሶቹ አንዱ ይህ ነው። ግብሩ ይህን ያህል ሲሆን ደላሎች በኮሚሽን ቢፎካከሩ ለሻጩ የሚያተርፉለት ጥቂት ነበር።

የመጨረሻው ነገር ውርስ ነው። የወረቀት ምስክርነት ሳጥን ውስጥ ይገኛል፤ ቤተሰብ ሲፈትሽ ያየዋል። የስልክ ሒሳብ በሟቹ የይለፍ ቁጥር ተዘግቶ ይቀራል። ወራሾች ከፍርድ ቤት፣ ሙስሊም ከሆኑና ከተስማሙ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ለደላላው ወይም ለኩባንያው ሲያቀርቡ መዝገቡ ወደ ስማቸው ይዛወራል፤ ለዚህ ግን አክሲዮኑ መኖሩንና በየትኛው ደላላ እንደተያዘ ማወቅ አለባቸው። የቅሬው ዳኛ የሟቹን መዋጮ ያውቃል፤ ርቢ የያዘውም ሰው ከብቱ የማን እንደሆነ ለለቀስተኛው ይናገራል። የአክሲዮን ሒሳብ ያለው ሰው የደላላውን ስም፣ የሒሳቡን ቁጥርና የገዛውን ኩባንያ ስም በወረቀት ጽፎ ከመሬት ደብተሩ ጋር ሊያኖረው ይችላል፤ ይህ ምንም አያስከፍልም።